ወበቁ ከሰማይ ነው ከጣሪያ? ከፉሪ እስከ ድሬዳዋ የሞቃት ሌሊቶች ዳሰሳ

በሚያዝያ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፀሐይ ከወጨጫ ጀርባ ስትገባ የምኖርበት የፉሪ ቤት ጣሪያ ድምፅ ማሰማት ይጀምራል። ጣ… ጣ… ጣ ይላል። ቀኑን ሙሉ ሲግል የዋለው ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ሚስማሩን ሲጎትት ነው። ክፍሉ 3 በ4 ሜትር ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የተወጠረበት፣ መስኮቱ አንድ፣ በሩ አንድ። ወንበር ላይ ቆሜ መዳፌን ኮርኒሱ ላይ ሳሳርፍ፣ አሁን ከምጣድ ላይ የተነሣ እንጀራ ያህል ይሞቃል። ደፉን ተሻግሬ ግቢ ውስጥ ስቆም ግን ከፉሪ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ሹራብ ያስመኘኛል። በአንድ ደፍ ወዲህና ወዲያ ሁለት አገር አለ፤ ውስጡ ቆላ፣ ውጭው ደጋ።

ይህን ዳሰሳ ያስጻፈኝ ያ ደፍ ነው። ሰው በሞቃት ሌሊት በገዛ ቤቱ ቀዝቀዝ ብሎና ከአደጋ ተጠብቆ እንዲያድር የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ከሙቀት ጋር ለዘመናት የኖሩ አገሮች ምን ያውቃሉ? እኛ አዲስ አበባን በከበቡት ከተሞች የምንኖረውስ ከእነሱ ምን እንማር? መልሱን አስቀድሜ ልናገር፦ የፉሪ ሌሊት ሞቃት አይደለም። የሚሞቀው ቤታችን ነው፤ ያሞቅነውም እኛው ነን።

በመጀመሪያ ወቅቱን እንለይ። ሙቀት ከክረምት ጋር የተያያዘባቸው አገሮች ብዙ ናቸው፤ በእኛ ዘንድ ግን ክረምት ጭቃና ጋቢ ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ሙቀቱ የሚበረታው ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። ያኔም ቢሆን ቀትር ላይ ቴርሞሜትሩ 25 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ንጋት ላይ ወደ 10 እና 12 ይወርዳል። ፉሪ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ተራራዋ ከ2,800 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስና ደረቅ ስለሆነ ምድሪቱ በቀን የተቀበለችውን ሙቀት ፀሐይ እንደገባች ወደ ጠራው ሰማይ ትለቃለች። የቀዘቀዘው አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ ቁልቁለቱን ይዞ ወደ መንደሩ ይወርዳል። ሱሉልታ ውስጥ ሌሊቱን ሞቀን የሚል ሰው ብዙም አታገኙም፤ ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ሜዳ ይልቁንም ውርጩ ያስቸግረዋል። ቡራዩም ብትሆን ማምሻው ላይ የጌፈርሳ ነፋስ ይደርስላታል። እንግዲህ ማቀዝቀዣው በየማታው ከተራራው በነፃ እየመጣ በራችንን ያንኳኳል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አይገባም? ከጣሪያው እንጀምር።

አዲስ የተመታ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ሙቀቱን የሚመልስ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ የሚያብረቀርቅ ብረት ከፀሐይ ከሚያርፍበት ብርሃን ከፊሉን ቢመልስም፣ የዋጠውን ሙቀት መልሶ ወደ ሰማይ መልቀቅ ያቅተዋል። ሲዝግ ደግሞ መመለሱም ይቀራል፤ ጠቅልሎ ይውጠዋል። ንፋስ በሌለበት ቀትር የዛገ ቆርቆሮ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ከሥሩ የተቀመጠ ሰው አየሩ ብቻ ሳይሆን ጣሪያው ራሱ ያቃጥለዋል፤ ከእሳት ፊት ስንቀመጥ ወላፈኑ ፊታችንን እንደሚመታን ዓይነት፣ የቆርቆሮው ወላፈን በቀጥታ አናታችን ላይ ይወርዳል። ኮርኒስ የሚያስፈልገው ለጌጥ ሳይሆን ያንን ወላፈን ለመጋረድ ነው። የማዳበሪያ ከረጢት ከምንም ይሻላል፤ አቡጀዲም እንዲሁ። ቺፑድ ደግሞ ከሁለቱ ይበልጣል። ዋናው ቁም ነገር ግን በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው አየር መውጫ ማግኘቱ ነው። ያ አየር ከታፈነ ኮርኒሱም ውሎ አድሮ ሁለተኛ ቆርቆሮ ይሆናል።

ቆርቆሮ አንድ ደግነት አለው፤ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ማታ 4 ሰዓት ሲሆን ጣሪያዬ ዝም ይላል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንዲያውም ከውጭው አየር በልጦ ይቀዘቅዝና ከሥሩ ጤዛ ይቋጥራል። ሶሌታ ግን ሌላ ጠባይ አለው። በለቡ፣ በፉሪና በሰበታ መንገድ ዳር እየበዙ የመጡት ጂ+1 እና ጂ+2 ቤቶች ጣሪያቸው የሲሚንቶ ሶሌታ ከሆነና ከላዩ ሌላ ክዳን ከሌለው፣ ወፍራሙ ሲሚንቶ የቀኑን ፀሐይ ጠጥቶ ያመሽና ሰው ሊተኛ ሲል ወደ ታች መትፋት ይጀምራል፤ እኩለ ሌሊትን አልፎም ይቀጥላል። ገንዘቡን አፍስሶ የሠራ ሰው የላይኛው ፎቅ መኝታ ቤት ውስጥ እየተገላበጠ፣ ከታች በጭቃ ቤት ያለው ተከራይ እንቅልፍ የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው። ጭቃ ቤትን ብዙ ሰው እንደ ድህነት ምልክት ስለሚያየው ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ጭድ ያለው ወፍራም ምርግ ግድግዳ ከባዶ ብሎኬት በተሻለ ሙቀትን ያዘገያል፤ ከቆርቆሮ ግድግዳ ጋርማ አይወዳደርም። ጭቃ ቤቱን ያበላሸው ከላዩ የተጫነው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው።

ይህ የእኛ መንደር ጉዳይ ብቻ ቢመስል አንድ ምስክር ከሩቅ ልጥራ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 አውሮፓን የመታው የሙቀት ማዕበል ከ70,000 በላይ ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ በፈረንሳይ ብቻ የሞተው ወደ 15,000 ይጠጋል። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። በኋላ በተደረገው ጥናት ለሞት ካጋለጡት ነገሮች አንዱ ሆኖ የተገኘው ከጣሪያ ሥር ባለ ክፍል ውስጥ መተኛት ነው። የፓሪስ አሮጌ ቤቶች ጣሪያቸው ዚንክ ነው፤ የእኛ ቆርቆሮ የቅርብ ዘመድ። በሀብታም ከተማ መሐል፣ ሐኪም ቤቱ በቅርብ እያለ፣ ሰውን ከፈጁት መካከል ሌሊት አለመቀዝቀዙና ከአናት በላይ ያለው ብረት ነበሩ።

ሌላው ምስክር የሕንዷ አህመዳባድ ናት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 በደረሰባት ሙቀት ከ1,300 በላይ ተጨማሪ ሰው ሞተባት። እ.ኤ.አ. በ2013 ከተማዋ የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣች፤ ማስጠንቀቂያ ይነገራል፣ ጤና ጣቢያዎች ይዘጋጃሉ፣ በኋላም የድሆችን ጣሪያ ነጭ ኖራ መቀባት የዕቅዱ አካል ሆነ። ነጭ ኖራ ብርሃኑን ይመልሳል፤ የዋጠውንም ቶሎ ይለቃል። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኖራ በየሕንፃ መሣሪያ ሱቁ ይሸጣል። በጥር ወር የተቀባ ጣሪያ የበልግ ዝናብ ካልጠነከረበት ሞቃቶቹን ወራት ይሻገራል፤ ክረምት ያጥበዋል፣ በዓመቱ ይደገማል። ከጣሪያው ውሃ የሚያጠራቅም ቤት የመጀመሪያውን ዝናብ ዝም ብሎ ያሳልፍ። ቆርቆሮ ላይ የሚወጣ ሰው ደግሞ ሚስማር የተመታበትን መስመር ይርገጥ፤ ከጣሪያ የወደቀ ሰው ስንቱን አይተናል።

አሁን ወደ መስኮቱ። በሰበታም በቡራዩም፣ ማታ መንገድ ለመንገድ ሲሄዱ ሁሉም መስኮት ዝግ ነው። መንስኤው ሦስት ዓይነት ፍርሃት ሲሆን ሦስቱም እውነተኛ ናቸው።

አንደኛው ሌባ ነው። ዙሪያ ከተሞች ቶሎ ቶሎ ስላደጉ ጎረቤት ጎረቤቱን የማያውቅበት መንደር በዝቷል፤ የመንገድ መብራት የሌለበት ቦታም አለ። ለዚህ መፍትሔው የብረት ፍርግርግ ነው፤ ግን ፍርግርግ ሲሠራ ብዙ ሰው አንድ ነገር ይረሳል። እሳት ቢነሣ በሩ በኩል መውጣት ባይቻል በየት ይወጣል? ቢያንስ አንዱ መስኮት ከውስጥ በቁልፍ የሚከፈት ፍርግርግ ይኑረው፤ ቁልፉም ሕፃናት ጭምር በሚያውቁት ሚስማር ላይ ይንጠልጠል።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። በታክሲ መስኮት ላይ የሚነሣውን ጭቅጭቅ የማያውቅ አንባቢ የለም። አከራዬ ማታ መስኮቴ ገርበብ ብሎ ካዩ በሩን ያንኳኳሉ። «ልጄ፣ ዝጋው እንጂ! ነፋስ ቢመታህስ? ነገ ደግሞ አንገቴን ልትል ነው።» «እማማ፣ ሞቀኝ እኮ» ስላቸው «ላብህን ነፋስ ከመታው ምች ነው የሚሆንብህ፤ ዳማከሴ ከየት አባቴ አመጣልሃለሁ በዚህ ሌሊት?» ይሉኛል። እማማ ስድስት ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው፤ የሚናገሩትም ከፍቅር ነው። ንጋት ላይ በሚወርደው ብርድ የተገላለጠ ሕፃን ጉንፋን እንደሚይዘው በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ እኔና እማማ የተስማማንበት ነገር ይህ ነው፦ መስኮቱ ከመሸ እስከ 4 ሰዓት፣ ሰው ነቅቶ ሳለ፣ ከበሩ ጋር አንድ ላይ ተከፍቶ የታፈነው አየር ይወጣል፤ ስንተኛ መስኮቱ ይዘጋና ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ያለው ቀዳዳ ሥራውን ይቀጥላል። ወደዚያ ቀዳዳ በኋላ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው ቢምቢ ነው። ፉሪ ውስጥ በየቦዩ ከቆመው ፍሳሽ የምትነሣው ቢምቢ አብዛኛውን ጊዜ ወባ አታስተላልፍም፤ እንቅልፍ ግን ትነሣለች። የወንፊት መረብ በእንጨት ፍሬም ወጥሮ መስኮቱ ላይ መምታት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ከሦስቱ ሁሉ የከፋው አደጋ ግን ማንም የማይፈራው ነው። እሱም ከሰሉ ነው።

በአንድ ክፍል ቤት እራት የሚሠራው፣ ቡና የሚፈላው፣ ዕጣን የሚጨሰው፣ ሰው የሚተኛው እዚያው ነው። ላቀች ምድጃ ውስጥ የተረፈው ፍም ጭስ ስለማይኖረው «ነዶ አልቋል» ይባላል፤ ቀይ ሆኖ ያማረው ፍም ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ አያስለቅስ፣ አያስል። ደም ውስጥ የኦክስጅኑን ቦታ ይይዝና ሰውን ቀስ ብሎ ያስተኛዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ሲመጣ ሰው ወበቁ ነው ብሎ ያስባል፤ ጋደም ይላል፤ በዚያው ይቀራል። ይህ አደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ምድጃ ይዞ በመተኛት እንደሚመጣ ብዙ ሰው ያውቃል። በሞቃቱ ወር ግን ሰው ምድጃውን ለሙቀት ብሎ ስላላስገባው ልብ አይለውም፤ ከቡናው የተረፈው ፍም ጥግ ላይ ሆኖ በሩ በሌባ ፍራቻ ይዘጋል። እባካችሁ፣ ፍሙን አውጡት። አመድ ማልበስ አይበቃም፤ አመድ ሥር ያለ ፍም ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ደጅ አውጥቶ ውሃ ማርከፍከፍ ነው። ከቤቱ ሰው ሁለቱ አብረው ራሳቸውን ቢያማቸው ደግሞ ምክንያቱን ሳይፈልጉ ቀድሞ በሩን መክፈትና ሁሉም ወደ ደጅ መውጣት።

ከሰሉ ሲወጣ ሙቀቱም አብሮ ይወጣል፤ ይህ ሁለተኛ ጥቅሙ ነው። የተኛ ሰው ራሱ አንድ አምፖል የሚያህል፣ ከ70 እስከ 80 ዋት ሙቀት ይሰጣል፤ አምስት ሰው በአንድ ክፍል ሲያድር 400 ዋት ቀረበ ማለት ነው። በዚያ ላይ ማታ እንጀራ የተጋገረበት ምጣድ ሲጨመር ቤቱ እስከ እኩለ ሌሊት እንደጋለ ይቆያል። በእነዚህ ወራት እንጀራን በማለዳ መጋገር፣ ወጡን በረንዳ ላይ መሥራት ያገሬ ሴቶች ያለ አስተማሪ የሚያውቁት ዘዴ ነው፤ የሚያግዳቸው የቦታ ማጣት ነው። ቬንቲሌተር የገዛ ሰው ደግሞ ከምጣዱና ከማቀዝቀዣው ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ አይሰካው፤ የጋለ ሶኬት የቤት ቃጠሎ መጀመሪያ ነው።

ሙቀትን በትክክል ያወቁትን ሰዎች ለማግኘት ከፉሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ባቡሩ ከደጃችን ይነሣል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻው ሰበታ ነው፤ ተሳፋሪ የሚሳፈርበት ትልቁ ጣቢያ ደግሞ ፉሪ ለቡ። ከሰበታ ተነሥቶ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይሞቃል። አዳማ ላይ ሹራብ ይወልቃል። ከመተሐራ ወዲያ፣ ወደ 1,000 ሜትር ዝቅ ሲባል፣ ሌሊት ማለት ሌላ ነገር ነው። አዋሽ በድሮው የባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ቡፌ ዳዋሽ የተሠራበትን መንገድ ያየ ሰው የዚያን ዘመን ግንበኞች ሐሳብ ይረዳል፦ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ሰፊና ጥላ ያለው፣ ክፍሎቹ በሁለት ወገን አየር የሚያገኙ።

ድሬዳዋ ላይ ቆም ማለት አለብኝ። ከተማዋ የተወለደችው የመጀመሪያው ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ ነው፤ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ 1909 ዓ.ም. ሆነ። ሰኔ ላይ ቀትሩ ከ35 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ ሌሊቱም ከ23 እና 24 ብዙም አይወርድም። ፉሪ ያለው የተራራ ስጦታ እዚያ የለም፤ ስለዚህ ሰው ኑሮውን ራሱን ከሙቀቱ ጋር አስማምቶታል። ከዚራ በዛፍ ጥላ የተከለለች ሰፈር ናት፤ ዛፉ ከመንገዱ ጋር አብሮ የታሰበ ነው። ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል፤ ሰው ያርፋል፤ ከተማው ማታ ይነቃል። ወንዱ ቤት ሲገባ ሱሪውን ጥሎ ሽርጥ ያገለድማል። ግቢው ማምሻውን ውሃ ይርከፈከፍበታል፤ ውሃው ሲተን መሬቱን ያቀዘቅዘዋል። ከዚያ አልጋው ይወጣል፤ ሰው ከሰማይ በታች በአጎበር ውስጥ ይተኛል። የውሃው ገንቦ በረንዳ ላይ ነፋስ በሚያገኘው በኩል ይቀመጣል፤ ከሸክላው ላብ ጋር ሙቀቱ ስለሚወጣ ውሃው ቀዝቅዞ ያድራል። ስኳር ያለባት ያገሬ ሴት ማቀዝቀዣ ከሌላት ኢንሱሊኗን በእንዲህ ዓይነት እርጥብ ሸክላ ውስጥ፣ ውሃ በማይነካው ዕቃ ከታ ብታስቀምጥ ከቆርቆሮው ሥር መደርደሪያ በእጅጉ ይሻላታል።

አፋር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በዳሎል በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር፤ ሰው በኖረበት ቦታ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ። የአፋር ሴቶች የሚሠሩት ደቦይታ ከታጠፈ ዘንግና ከሰሌን ምንጣፍ ነው። ክብደት የለውም፤ ስለዚህ የቀኑን ሙቀት ለሌሊት አያስቀምጥም። ነፋስ በመጣበት በኩል ምንጣፉ ይጠቀለላል፤ ቤቱ ሌሊት ይተነፍሳል። በየከተማው ይህን ቤት የተካው የቆርቆሮ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ነው። ሎጊያ ውስጥ በእንዲህ ያለ ቤት የሚያድር ሰው አያቱ ካደረችበት የባሰ ሙቀት ውስጥ ያድራል፤ ይህን ሳስብ አዝናለሁ።

ነገር ግን የቆላውን ልማድ ሁሉ ዓይንን ጨፍኖ መውሰድም አይቻልም። ደጅ ማደር የራሱ ዋጋ አለው። ከደጋ ወርደው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ የሚሄዱ ወጣቶች በድካም ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር ይተኛሉ። በዋልካው ስንጥቅ ውስጥ የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ድምፅ የላትም፤ ከቢምቢ በብዙ ታንሳለች። እሷ የምታስተላልፈው ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የታወቀው ወረርሽኝ፣ በሽታው ከቆላ ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር ወደ ደጋው ጠርዝ ሊወጣ እንደሚችል አሳይቷል፤ እዚያ በተደረገ ጥናትም ቀን ግራር ሥር መተኛትና ሌሊት ደጅ ማደር ከሚያጋልጡት ነገሮች መካከል ሆነው ተገኝተዋል። ከፉሪም ከሰበታም ለሥራ የሚወርድ ልጅ ሻንጣው ውስጥ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይኑር፤ ቀዳዳው የጠበበ ቢሆን ይመረጣል።

ሌላ እንግዳም አለ። አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘች። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ፣ ወባ በማይጠበቅበት ደረቅ ወቅት ለተነሣው ወረርሽኝ ምክንያት ሆነች። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ የከተማ ነች፣ ክዳን በሌለው በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትራባለች። እንደ ድሬዳዋ ሁሉ ፉሪም ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየቤቱ በርሜል አለ። ከፍታችን እስከ ዛሬ ጠብቆናል፤ ግን እ.ኤ.አ. በ1958 ሞቃትና ዝናባማ በሆነ ዓመት ወባ ከ2,000 ሜትር በላይ ወጥታ ሦስት ሚሊዮን ሰው ይዛ ወደ 150,000 የሚጠጋ ሕይወት ማጥፋቷ በአገራችን የሆነ ነገር ነው። በርሜል ክዳን ይኑረው።

አሁን ስለ ሰውነት ትንሽ ልበል፤ በሙቀት ሌሊት እኩል አንጎዳምና። በመጀመሪያ ሕፃናት። እናቶቻችን አራስ ልጅን በጋቢ ጠቅልለው ፊቱን ጭምር ይሸፍናሉ፤ ከነፋስ፣ ከዓይን፣ ከትንኝ ለመጠበቅ። በጋለ ክፍል ውስጥ ግን ሕፃን ላቡን አውጥቶ እንደ አዋቂ ሰው ራሱን ማቀዝቀዝ ገና አይችልም፤ ጋቢው ሙቀቱን ይይዝበታል፣ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ትንፋሹን ያግድበታል። ደረቱንና ማጅራቱን ዳብሳችሁ ላብ ካለው አንድ ልብስ ቀንሱለት፤ ፊቱ ምንጊዜም ክፍት ይሁን። ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ ቢሞቀውም ውሃ አይሰጠውም፤ ጡት ቶሎ ቶሎ ይጥባ፣ ውሃውን እናቱ ትጠጣ።

ቀጥሎ አረጋውያን። ሲያረጁ ጥማት ይደክማል፤ አፍ ሳይደርቅ ሰውነት ይደርቃል። የደም ግፊት መድኃኒት ከሚወስዱት ብዙዎቹ ሽንት የሚያበዛ አላቸው፤ በሞቃት ወር መጠኑን ከሐኪም ጋር መነጋገር ይገባል፣ በራስ ማቆም ግን አይገባም። ሌሊት ሽንት ቤት ደጅ ስለሆነ ላለመውጣት ብለው ከምሽት ጀምሮ ውሃ የማይጠጡ እናቶች ብዙ ናቸው። ፖፖ አጠገባቸው ማኖር ከስንት ምክር ይበልጣል።

ተቅማጥ ወይም ብዙ ላብ ያዳከመው ሰው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይጠጣ፤ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ቬንቲሌተር የክፍሉ አየር ከ40 ዲግሪ በላይ ከሆነ የሚነፋው እሳት ነው፤ ፉሪ ላይ ይህ አይደርስም፣ ሰመራ ላይ ግን ይደርሳል። እርጥብ ነጠላ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ መናፈስ፣ እግርን በውሃ መንከር፣ ከመኝታ በፊት ገላን ለቅለቅ ማለት ሁሉም ቦታ ይሠራል። በሙቀት የተመታ ሰው መቀባጠር ወይም መደናገር ከጀመረ፣ ቆዳው እሳት ሆኖ ራሱን ከሳተ፣ ነገሩ ከቤት አቅም አልፏል፤ ወደ ጥላ ማውጣት፣ ልብሱን ማውለቅ፣ ውሃ እያፈሰሱ ማራገብና 907 ደውሎ አምቡላንስ መጥራት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው አፉ ውስጥ ውሃ አይፈስስም።

ይህን ሁሉ ሳስብ የሚከብደኝ አንድ ነገር አለ። ከላይ ከዘረዘርኩት ብዙው የሚወሰነው ቤቱ ሲሠራ ነው፤ ቤቱ ውስጥ የሚያድረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሠራው ሰው አይደለም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት በሥሩ ገቡ፤ ፉሪም ክፍለ ከተማ ሆነች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጤፍ የሚታጨድበት መሬት ዛሬ ከዳር እስከ ዳር ቆርቆሮ ነው፤ ጣሪያ ከጣሪያ ይነካካል፣ አጥሩም ቆርቆሮ፣ ዛፍ የሚተከልበት ክንድ መሬት አልተረፈም። ከወጨጫ ወገብ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አሁንም ቆሟል፤ ቀዝቃዛው አየር አሁንም ይወርዳል፤ የሚያርፍበት ግን አጥር ላይ ነው። የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ በ1999 ዓ.ም. ባዘጋጀው ሰነድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የአገሪቱ ዝቅተኛ ሙቀት፣ ማለትም የሌሊቱ፣ በየአሥር ዓመቱ 0.37 ዲግሪ እየጨመረ መምጣቱን ገልጿል። እኔ ከማርፍበት ክፍል የሚበልጥ ዕድሜ የሚኖራቸው ቤቶች ዛሬ እየተሠሩ ነው፤ በሚቀጥሉት 30 እና 40 ዓመታት የሚያድሩባቸው ልጆች ከእኛ የሞቀ ሌሊት ይጠብቃቸዋል። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥ መሐንዲስ ስለ መሠረቱና ስለ አጥሩ ልኬት እንደሚጠይቅ ሁሉ «ኮርኒሱስ? የአየር መውጫውስ? አንድ ዛፍስ?» ብሎ ቢጠይቅ ለባለቤቱ የሚጨምርበት ወጪ ከጣሪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን እዳው የተከራዩ ይሆናል።

ቃል የገባሁትን ቀዳዳ ልንገራችሁ። ባለፈው የካቲት እማማን አስፈቅጄ፣ አንድ አናጢ ጠርቼ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር በሁለቱ ፊት ለፊት ግድግዳዎች ላይ ምርጉን ስንዝር በስንዝር አስከፈትኩ፤ አንዱ ከሌላው ከፍ ያለ እንዲሆን አድርገን። ቀዳዳዎቹን በወንፊት ሸፍነን፣ አይጥ እንዳይገባ ከላዩ ሽቦ መታንበት። የማዳበሪያውን ኮርኒስ በከፍተኛው ቀዳዳ በኩል ጥቂት ሰነጠቅነው፤ የሞቀው አየር መንገድ አገኘ። እማማ መጀመሪያ «ቤቴን ወንፊት አደረግኸው» ብለው አዝነው ነበር። በሦስተኛው ማታ ቡና ሊያፈሉ መጡና፣ ወንበር ላይ ቆመው ዝቅ ባለው ቀዳዳ በኩል እጃቸውን ዘረጉ፤ የተራራው አየር ጣታቸው መሐል እየገባ ነበር። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ቡናውን እዚያው ጠጥተን ስንጨርስ ምድጃውን ራሳቸው አንሥተው ወደ ደጅ አወጡት፤ ሲመለሱም የአናጢውን ስልክ ቁጥር ጠየቁኝ።